ብቻቸውን ወደ ቤተሰብ የሚበሩ ልጆቻችን፦ በሩ እየጠበበ ሲሄድ ምን እናድርግ?

ይህን የምጽፈው ካምፓላ ውስጥ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ከሚባለው ሰፈር ሆኜ ነው። ከናኪቫሌ የመጣሁት እሁድ ነው፤ ዛሬ ሐሙስ ነው። ያረፍኩት በናሙዎንጎ በኩል፣ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም በማይርቅ የአገር ልጅ ቤት ነው። ጠዋት ወደ ናማንቬ የሚመላለሰው ባቡር ጡሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ የቤቱ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ባቡሩ ካለፈ በኋላ የሰፈሩ ልጆች ደብተር ይዘው በሐዲዱ ላይ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የሚሸኛቸው ትልቅ ሰው የለም፤ ሁሉም መንገዱን ለምደውታል።

እኔም የመጣሁት ብቻዋን ስለምትሄድ ልጅ ጉዳይ ነው። ተማሪዬ ናት፣ አሥር ዓመቷ ነው። ማክሰኞ ማታ ከኢንቴቤ ተሳፍራ እናቷ ወዳለችበት አንድ የአውሮፓ አገር ሄዳለች። እናቷን ካየች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ስሟንም አገሩንም አልጠቅስም፤ ምክንያቱን እናንተ ታውቁታላችሁ።

አብሯት ያደገው ልጅ ግን አልሄደም። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። እስከ ካምፓላ አብሮን መጥቶ ሻንጣዋን ተሸክሞላት ነበር። ይህ ጽሑፍ እሷ እንዴት እንደሄደች፣ እሱ ለምን እንደቀረ፣ በዓለም ላይ እየሆነ ያለው ነገር ደግሞ ለእንደነዚህ ዓይነት ልጆች ምን ማለት እንደሆነ ነው። በመካከሉ የራሴንም ጥፋት እናገራለሁ፤ ሌላው ሰው እንዳይደግመው።

አደራ በፎርም

በአገራችን ልጅን ብቻውን መንገድ መላክ አዲስ ነገር አይደለም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅ ወደ አያቱ ይላካል። መናኸሪያ ላይ እናት የአውቶቡሱን ረዳት ትጠራና "አደራ ወንድሜ፣ እዚህ ከተማ አውርድልኝ፣ አጎቱ ወጥቶ ይጠብቀዋል" ትላለች። ስልክ ቁጥር በወረቀት ትጽፍለታለች፣ ለልጁ ዳቦ ትቋጥርለታለች። ረዳቱም ልጁን ከኋላው ወንበር ላይ አስቀምጦ ያደርሰዋል። በዚህ መንገድ ያልተላከ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

አየር መንገዶች የሚያደርጉትም ከዚህ ብዙም አይለይም። ልዩነቱ አደራው በፎርም መሆኑ ነው። በእነሱ ቋንቋ ብቻውን የሚጓዝ ልጅ "ዩኤም" ይባላል። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅን ብቻውን አይቀበሉም። ከአምስት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ያለ ልጅ ብቻውን ከሄደ የዩኤም አገልግሎት ግዴታ ነው፣ ተጨማሪ ክፍያም አለው። ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ያለው ደግሞ በብዙዎቹ ዘንድ በወላጅ ፍላጎት ነው። ዝርዝሩ ከአንዱ አየር መንገድ ወደ ሌላው ስለሚለያይ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። በአንድ በረራ ላይ የሚቀበሏቸው ዩኤሞች ቁጥርም የተወሰነ ስለሆነ ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ፎርሙ ላይ ሁለት ዋና ነገሮች አሉ። አንደኛው ልጁን የሚያስረክበው ሰው ስም፣ አድራሻ፣ ስልክና መታወቂያ ነው። ሁለተኛው እዚያ የሚረከበው ሰው ስም፣ አድራሻ፣ ስልክና መታወቂያ ነው። በመካከል ያሉት ሠራተኞች ልጁን እየተቀባበሉ ይፈርማሉ፤ የምድር ሠራተኛው ለአስተናጋጇ፣ አስተናጋጇ ለሚቀጥለው አየር ማረፊያ ሠራተኛ። መጨረሻ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ራሱ መታወቂያውን ይዞ መቅረብ አለበት። "እኔ አልተመቸኝም፣ ጓደኛዬን ልኬአለሁ" ብሎ ነገር የለም። ለእናትየው ይህን ሦስት ጊዜ ደውዬ ነግሬያታለሁ። "ቲቸር፣ ሌሊቱን እዚያው አድራለሁ" ነው ያለችኝ።

ያስረከበውም ሰው አውሮፕላኑ እስኪነሳ ድረስ ከአየር ማረፊያው እንዳይሄድ ይነገረዋል። በረራው ቢሰረዝ ልጁን መልሶ የሚወስደው እሱ ነውና። እኔም ኢንቴቤ ውጭ ቆሜ ነው ያመሸሁት።

የስደተኛ ልጅ ሲሆን

እስካሁን የተናገርኩት ፓስፖርት ላለው ልጅ ሁሉ ነው። የእኛ ልጅ ሲሆን ወረቀቱ ይበዛል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የለውም፣ ሊያወጣም አይችልም። ስለዚህ ወይ ኡጋንዳ ለስደተኛ የምትሰጠው የጉዞ ሰነድ ያስፈልገዋል፣ ወይ ደግሞ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ (አይሲአርሲ) የሚሰጠው የአደጋ ጊዜ የጉዞ ሰነድ። ይህ ሁለተኛው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ ከ1945 ጀምሮ ያለ ነው። ገንዘብ አይጠየቅበትም። የሚያገለግለው ግን ለአንድ ጉዞ ብቻ ነው፤ የሚቀበለው አገር ቪዛ ለመስጠት መስማማት፣ የሚለቀውም አገር መውጫ መፍቀድ አለበት።

ከዚያ በላይ "ለልጁ የሚበጀው ምንድነው" የሚባለው ምርመራ አለ። ብዙዎቻችን "ቢአይዲ" እያልን የምንጠራው ነው። የዩኤንኤችሲአር ወይም የአጋር ድርጅት የልጆች ሠራተኛ መጥቶ ልጁን ለብቻው ያነጋግራል። መሄድ ትፈልጋለህ ወይ? እናትህን ታስታውሳታለህ? እዚህ የሚቀሩት እነማን ናቸው? አንዳንድ አሳዳጊዎች ይህን እንደ ፈተና ቆጥረው ልጁን መልስ ያስጠኑታል። ተዉ እባካችሁ። ሠራተኛዋ የተጠና መልስ ወዲያው ነው የምታውቀው፤ ያን ጊዜ እውነተኛው ነገር ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል።

በአይኦኤም በኩል የሚሄዱ ልጆች ደግሞ ሌላ ናቸው። ያንን ነጭና ሰማያዊ የፕላስቲክ ቦርሳ ሁላችንም እናውቀዋለን። ብቻውን ለሚሄድ ሕፃን አይኦኤም አጃቢ ሠራተኛ ይመድባል። የእኔ ተማሪ ግን በቤተሰብ ቪዛ ስለሆነ የሄደችው ትኬቱን የገዛችው እናቷ ናት፤ ስለዚህ በአየር መንገዱ የዩኤም አገልግሎት ሄደች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። በአዲስ አበባ በኩል የሚያልፈው ትኬት ለቤተሰቡ ይቀላቸው ነበር። ቋንቋውም የራሷ ነው፣ አስተናጋጆቹም "እናትዬ" እያሉ ይይዟት ነበር። ነገር ግን በስደተኛ ሰነድ የምትጓዝ ልጅ ወላጇ በሸሸችበት አገር አየር ማረፊያ ላይ በረራ ቢያመልጣት ምን ይሆናል? ይህን ማንም ሊመልስልን አልቻለም። እናትየው ጨምራ በሌላ በኩል ገዛች። እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው።

ማክሰኞ ማታ የዩኤሟን ከረጢት አንገቷ ላይ ሲያጠልቁላት ልጅቷ ከፍታ አየችው። ፓስፖርቱን የመሰለው ሰነድ፣ ፎርሙ፣ የእናቷ ስልክ። "ቲቸር፣ ይሄ ቢጠፋ እኔ ማን ነኝ?" አለችኝ። "አይጠፋም፣ አትፍቺው" ብቻ አልኳት። ሌላ መልስ አልመጣልኝም።

አንድ ቃል የዘጋችው በር

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። እሱ የእህቷ ልጅ ነው። ወላጅ እናቱ ስትሞት ገና ጡት አልጣለም ነበር። ያሳደገችው፣ የተማሪዬ እናት ናት፤ እማዬ ነው የሚላት። በአማርኛ "ስንት ልጆች አሉሽ?" ብትሏት "ሁለት" ነው የምትለው። ይህ ውሸት አይደለም። በእኛ ዘንድ ያሳደገ ወላጅ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ማመልከቻውን በእንግሊዝኛ የሞላሁላቸው እኔ ነኝ። እዚህ ያሉት አሳዳጊያቸው "የእህቷ ልጅ ነው፤ ያው ልጇ ነው" ብለውኛል። እኔም ሁለቱንም "ልጅ" ብዬ ሞላሁ። በጊዜው ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤምባሲው የዲኤንኤ ምርመራ ጠየቀ። ውጤቱ ሲመጣ የልጅቷ ከእናቷ ጋር ገጠመ፣ የእሱ አልገጠመም። በዚህ ምክንያት የሁለቱም ኬዝ ተጠረጠረ። የልጅቷ እንኳን አንድ ዓመት ያህል ዘገየ። የእሱ ተዘጋ።

"የእህት ልጅ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በእኔ እጅ ያደገ" ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ይፈቀድለት ነበር ወይ? እርግጠኛ መሆን አልችልም። ቢያንስ ግን ውሸታም አይባልም ነበር።

ይህ የእኔ ብቻ ስህተት አይደለም። አሜሪካ ፒ-3 የምትለው የስደተኛ ቤተሰቦችን የማገናኘት ፕሮግራም ነበራት። እ.ኤ.አ. በ2008 በናይሮቢ በአብዛኛው በሶማሌና በኢትዮጵያ ስደተኞች ላይ የዲኤንኤ ሙከራ ተጀመረ፤ ኋላም ኢትዮጵያንና ኡጋንዳን ጨምሮ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሰፋ። ዝምድናቸው በሙሉ የተረጋገጠላቸው ቤተሰቦች ጥቂቶች ሆነው ተገኙ። አንዳንዱ በእውነት ገንዘብ ተቀብሎ የሰው ልጅ ያስገባ ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ ለምርመራው ሳይቀርብ ቀረ። ነገር ግን የወንድሙን ልጅ፣ የሟች እህቷን ልጅ "ልጄ" ያለውም ከአጭበርባሪው ጋር አብሮ ተቆጠረ። ፕሮግራሙ በዚያው ዓመት ቆመ። እንደገና የተከፈተው በ2012 ነው፤ ያኔም ዲኤንኤ ግዴታ ሆኖ። አራት ዓመት ሙሉ የተዘጋ በር ማለት በዚያ መካከል አሥራ አራት ዓመት የነበረው ልጅ አሥራ ስምንት ሞላው ማለት ነው።

በሌላ በኩል ተስፋ የሚሰጥ ፍርድም አለ። ኔዘርላንድ የምትኖር አንዲት ኤርትራዊት ሱዳን ያለውን፣ ወላጆቹ ስለሞቱ እኔ ያሳደግኩት ነው ያለችውን የእህት ልጅ ለማስመጣት አመለከተች። የወላጆቹን የሞት ማስረጃ ማቅረብ አልቻለችም፣ ስለዚህ ጥያቄዋ ውድቅ ሆነ። ጉዳዩ ሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ሕብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በማርች 13 ቀን 2019፣ ወረቀት የለም ተብሎ ብቻ ጥያቄ ሊጣል እንደማይችል፣ የልጁ ዕድሜና የግል ሁኔታ፣ የመጣበትም አገር ነገር አንድ በአንድ መታየት እንዳለበት ወሰነ። ልብ በሉ፣ እሷ "ወለድኩት" አላለችም። "አሳደግኩት" ነው ያለችው። የኔዘርላንድ ሕግ ያሳደጉትን ልጅ ለመቀበል በር ስለነበረው ነው እንጂ ሁሉም አገር እንዲህ አያደርግም። ቢሆንም መንገዱ የሚጀምረው እውነቱን ከመጻፍ ነው።

2025 የዘጋቸው በሮች

በዩኤንኤችሲአር ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በዓለም ላይ ከቤታቸው የተፈናቀሉ ሰዎች 123.2 ሚሊዮን ነበሩ። ከእነዚህ 40 በመቶ ያህሉ ልጆች ናቸው። ቁጥሩ እንዲህ በሆነበት ጊዜ ነው ቤተሰብን የሚያገናኙት መንገዶች አንድ በአንድ የተዘጉት።

አሜሪካ በጃንዋሪ 2025 የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራሟን አቆመች። ትኬት የተቆረጠላቸው ሰዎች ሳይቀሩ በረራቸው ተሰረዘ። በኋላ ለ2026 የበጀት ዓመት የተቀመጠው ጣሪያ 7,500 ሰው ነው፤ ለመላው ዓለም ማለት ነው። ኦስትሪያ በጁላይ 2025 የስደተኞችን ቤተሰብ ማገናኘት ለጊዜው አገደች። ጀርመን በዚያው ወር፣ ሙሉ የስደተኛነት መብት ሳይሆን ሁለተኛው ዓይነት ጥበቃ ያገኙ ሰዎች ቤተሰብ ማምጣት እንዳይችሉ ለሁለት ዓመት ከለከለች። እንግሊዝ በሴፕቴምበር 4 አዲስ የቤተሰብ ማመልከቻ መቀበል አቆመች።

እዚሁ ኡጋንዳም ነገሩ ከበደ። በሜይ 2025 የዓለም ምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት አንድ ሚሊዮን ስደተኞችን ከራሽን አስወጣ። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ የስደተኞች ሚኒስትሩ ሂላሪ ኦኔክ፣ በአገራቸው ጦርነት የለም በሚል ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ ለሚመጡ አዳዲስ ሰዎች የስደተኛነት መብት እንዳይሰጥ ማዘዛቸውን ተናገሩ። በጎንደርና በጎጃም ምን እንዳለ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ለእኛ ርዕስ የሚያመጣው ጣጣ ግን ይህ ነው፦ ያልተመዘገበ ልጅ የጉዞ ሰነድ ማግኘት አይችልም። እናቱ አውሮፓ ሆና ቪዛው ቢፈቀድላት እንኳ ልጁ ከዚህ መውጫው ይቸግራል።

ሕጉ ምን ይላል? የ1989 የልጆች መብት ስምምነት አንቀጽ 10፣ ቤተሰብን ለማገናኘት የሚቀርብ ጥያቄ በቀና መንፈስ፣ በሰብአዊነትና በፍጥነት መታየት አለበት ይላል። ኡጋንዳም ኢትዮጵያም የአውሮፓ አገሮችም ፈርመውበታል። ነገር ግን ስምምነቱ "ፍጥነት" ማለት ስንት ወር እንደሆነ አይናገርም። መንግሥታት ለሁለት ዓመት ሲያግዱ "ጊዜያዊ ነው" ይላሉ። ለመንግሥት ሁለት ዓመት ጊዜያዊ ሊሆን ይችላል። አሥራ ስድስት ዓመት ለሞላው ልጅ ግን ሁለት ዓመት ማለት ልጅነቱ አለቀ ማለት ነው።

የዕድሜውን ነገር በተመለከተ አንድ ጥሩ ፍርድ አለ። በ2014 ብቻዋን ኔዘርላንድ የገባች ኤርትራዊት ልጅ ጥገኝነት ስትጠይቅ ከ18 ዓመት በታች ነበረች፤ መልሱ እስኪመጣ 18 ሞላት። ወላጆቿን ላምጣ ስትል "አሁን ልጅ አይደለሽም" ተባለች። ያው የሉክሰምበርጉ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 12 ቀን 2018፣ የሚቆጠረው ጥገኝነት የጠየቀችበት ቀን ዕድሜ ነው ብሎ ፈረደ። መንግሥት ስለዘገየ ልጅ መብቱን አያጣም ማለት ነው። በ2022 ደግሞ በተመሳሳይ መንገድ ወላጅ ልጁን ለሚያስመጣበት ጉዳይ ወሰነ። ሁለቱም ግን የሚሠሩት ቤተሰቡ መብቱ ከተሰጠ በሦስት ወር ውስጥ ካመለከተ ነው።

ከዚህ በፊትም ሆኗል

ልጆች ቀድመው፣ ወላጆች ኋላ የሚለው ነገር ለእኛ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በዘመቻ ሙሴ 8,000 ያህል ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን መጠለያዎች በድብቅ በአውሮፕላን ተወስደዋል። አብዛኞቹ ከጎንደር በእግራቸው የወጡ ነበሩ፤ በመንገድና በመጠለያ የሞተው 4,000 ያህል እንደሚሆን ይገመታል። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ ሱዳን በረራውን አቆመች። በዚህ ምክንያት ከሺህ የማያንሱ ልጆች ደርሰው ወላጆቻቸው በዚህ ወገን ቀሩ። ብዙዎቹ እንደገና የተገናኙት በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ሲወሰድ ነው። ስድስት ዓመት ገደማ። ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ የነበረ አሥራ ሁለት ሞልቶት ቆየ።

አውሮፓም ይህን ታውቀዋለች። ከ1938 መጨረሻ እስከ ጦርነቱ መጀመሪያ 10,000 ያህል ልጆች፣ አብዛኞቹ አይሁዶች፣ ከጀርመን፣ ከኦስትሪያና ከቼኮስሎቫኪያ በባቡርና በመርከብ ብቻቸውን ወደ እንግሊዝ ተልከዋል። ልጆቹ ተቀባይ አገኙ፣ ለወላጆቹ ግን ቪዛ አልተሰጠም። ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን ዳግም አላዩም።

ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። "ልጁ ይሂድ እንጂ ሌላው በኋላ ይስተካከላል" የሚለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ እንዳልተስተካከለ ለማሳየት ነው። የሚቀረው ሰው ጉዳይ በዚያው ቀን፣ በዚያው ፋይል ላይ መነሳት አለበት።

በእጃችን ያለው

ልጁ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ከደረሰ ጀምሮ ስልኩ አያርፍም። የሚደውልለት ሰው "በጁባ በኩል አድርገን እናወጣሃለን፣ ሊቢያ ከደረስክ እናትህ ትከፍላለች" ይለዋል። ሱዳን ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ በጦርነት ላይ ናት። ሊቢያ ውስጥ ልጆች እየታሰሩ ቤተሰብ በስልክ ጩኸታቸውን እየሰማ ገንዘብ እንደሚልክ ሁላችንም ሰምተናል። ደላላው በሰው ፓስፖርት በአውሮፕላን እንደሚያሳልፈውም ነግሮታል፤ ያም ቢሆን ከተያዘ የወደፊት ኬዙን ያበላሽበታል። አንድን ልጅ ወደዚህ የሚገፋው ድፍረት ብቻ አይደለም። ሕጋዊው መንገድ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚነግረው ሰው ሲያጣ፣ ደላላው ግን ቀን ቆርጦ ይነግረዋል።

ስለዚህ ከዚህ ጉዳይ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ በመጀመሪያው ምዝገባና ኢንተርቪው ላይ ያሉትን ልጆች በሙሉ ተናገሩ፤ የትም ይሁኑ። መጀመሪያ ያልተጠቀሰ ልጅ በኋላ "ከየት መጣ?" ይባላል። ዝምድናውንም እንዳለ ተናገሩ። የእህት ልጅ የእህት ልጅ ነው፤ ያሳደጋችሁት ከሆነም ከስንት ዓመቱ ጀምሮ እንደሆነ አስጽፉ።

ሁለተኛ፣ ቀኑን ቁጠሩ። በብዙ የአውሮፓ አገሮች መብቱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ነው፤ ካለፈ ገቢና ቤት አሳዩ ይባላል። ካናዳ ለገባ ስደተኛ አንድ ዓመት ነው። አሜሪካ ለገባ ወይም ጥገኝነት ላገኘ፣ አይ-730 የሚባለው ፎርም በሁለት ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ፕሮግራሙ ቢቆምም ፎርሙን በጊዜው ማስገባት ይጠቅማል፤ ሲከፈት ቀኑ ያለፈበት ሰው ምንም ማድረግ አይችልም።

ሦስተኛ፣ ማስረጃ አጠራቅሙ። ልጁን ማን እንዳሳደገው የሚያሳይ ማንኛውም ወረቀት፦ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወይም የመስጊድ ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ ላይ የአሳዳጊው ስም፣ ለልጁ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ፣ አብረው የተነሱት ፎቶ። እኔ እንደ አስተማሪ አሁን በመዝገቤ ላይ "ወላጅ" በሚለው ቦታ ዝምድናውንም እጽፋለሁ።

አራተኛ፣ የጠፋባችሁ ሰው ካለ የኡጋንዳ ቀይ መስቀል ማኅበር ቤተሰብ የማፈላለግ አገልግሎት አለው። በካምፖች ውስጥ ይሠራል፣ ካምፓላ ዋና ቢሮው ሩባጋ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም። ገንዘብ የጠየቃችሁ ካለ ከእነሱ አይደለም።

አምስተኛ፣ ለሚሄደው ልጅ መንገዱን አስቀድማችሁ ንገሩት። የት እንደሚወርድ፣ ማን እንደሚቀበለው፣ ሽንት ቤት ሲፈልግ ማንን እንደሚጠራ። የእናቱን የአሁኑን ፎቶ አሳዩት። ስድስት ዓመት ፊት ይለውጣል። ልጅቷን ስናዘጋጃት በጣም የጠቀመን ይህ ነበር። ቀሪውንም አንርሳ። ልጅ ከተሸኘ በኋላ ዘወር ብሎ የሚያየው የለም።

ረቡዕ ጠዋት እናትየው ደወለች። ደርሳለች። ስልኩን ለልጅቷ ስትሰጣት መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ወንድሟ ነው። እሱ አልነበረም። የአገሬ ልጅ እዚህ መጋዘን ውስጥ ጭነት የማራገፍ ሥራ አግኝቶለት ከንጋቱ ጀምሮ እዚያ ነበር። ማታ ሲመጣ ነገርኩት። "ምን አለች?" አለ። የነገረችኝን ነገርኩት። ጫማውን አውልቆ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ስህተቱ የእኔ እንደሆነ የሚያስረዳ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ ከአሳዳጊያቸው ቃልና ከአሥር ዓመት በፊት ከተነሱት ፎቶ ጋር በእናትየው ጠበቃ በኩል ልከናል። መልስ ገና አልመጣም። ለእሱም ይህንኑ ነግሬዋለሁ፤ እንደሚሳካ ቃል አልገባሁለትም። ዕድሜው አሥራ ስምንት እስኪሞላ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ቀርቶታል። ይህን የቆጠረው እሱ ነው።

ነገ ጠዋት ወደ ምባራራ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ሁለት ቦታ ይዣለሁ፣ አንዱ ለእሱ ነው። ሰኞ ፈተና አለ። ይመጣ እንደሆነ ገና አልነገረኝም።